ሆድ ያልፈጨው

እትዬ ለተብርሃን ማረፋቸውን የሰማሁት እዚህ ፈረንጅ አገር ሶዶ በሚሉት ሰፈር፣ የምሠራበት መጋዘን በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገና ሞተሩን ሳላጠፋ ነው። የደወለችልኝ የቀድሞ አሠሪዬ ሲስተር አስቴር ናት። "መሲ፣ እየነዳሽ ነው?" አለችኝ። "ኧረ ቆሜያለሁ" አልኳት። "ለተብርሃን ዛሬ ጠዋት ዐረፈች።" እኔም፣ እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ "የትኛዋ ለተብርሃን?" አልኳት። በሕይወቴ የማውቃቸው ለተብርሃን እሳቸው ብቻ ናቸው።

"የቆሽት ካንሰር ነው። ወራት ሆኗታል አሉ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም" አለችና ሲስተር አስቴር ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም። እጄን መሪው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። እኚህ ሴትዮ እኮ ምላስ አይተው የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን የሚናገሩ ነበሩ። እንዴት ነው የራሳቸው ሆድ እንዲህ የበላቸው?

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሳቸው ላስብ ስል ነገሩ ሁሉ ይምታታብኛል። አንዴ እናደድባቸዋለሁ። አንዴ ራሴን እረግማለሁ። አንዴ ደግሞ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ ለእኔም ገና አልገባኝም።

የተዋወቅነው ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ሲስተር አስቴር ስድስት አረጋውያን በምትንከባከብበት ቤት ውስጥ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት ሶዶ መጋዘን ነበር የምሠራው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ጃኬቴን እንኳን ሳላወልቅ፣ አንዲት አጠር፣ ሰፋ ያሉ ሴትዮ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ከኩሽና ብቅ አሉና "ነይ እስቲ ወደ መስኮቱ። ምላስሽን አውጪ" አሉኝ። የሥራው ደንብ መስሎኝ አወጣሁ። እዚህ አገር የማይጠየቅ ነገር የለማ። የሳንባ ምርመራ ብለውኛል፣ የጣት አሻራ ብለውኛል፣ ምላስም ቢሉ ምን ይገርማል? እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ "ጥሬ አለብሽ" ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ምኑም ሳይገባኝ ጓንቴን አጠለቅኩ።

ጥሬ የሚሉትን ያመጡት ከባባጂ ነው። ባባጂ በአትክልቱ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖሩ የደቡብ ህንድ ሽማግሌ ነበሩ። ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። አገራቸው እያሉ በአዩርቬዳ፣ በህንዶቹ የጥንት ሕክምና ማለት ነው፣ ሰው ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። ልጆቻቸው ባባጂ ሲሏቸው ሰምተን እኛም ባባጂ አልናቸው። እትዬ ለተብርሃን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጥቧቸው፣ ሲያጎርሷቸው፣ ሲያገላብጧቸው፣ ባባጂ ደግሞ ሲያስተምሯቸው ከረሙ። የባባጂ እንግሊዝኛ ለፈረንጆቹ አይገባም፤ የእትዬም እንግሊዝኛ ለፈረንጆቹ አይገባም። እርስ በርሳቸው ግን ይግባባሉ።

ትምህርቱ እኔ እንደተረዳሁት እንዲህ ነው። ሆድ ውስጥ እሳት አለ። እሳቱ ደህና ሲነድ የበላነው ይበስልና ሥጋና ደም ይሆናል። እሳቱ ሲደክም፣ ወይም የቀደመው ሳይወርድ ሌላ ሲጫንበት፣ የገባው ነገር ግማሹ ሳይበስል ይቀራል። ያ ያልበሰለው እንደ አተላ ይዝለገለግና መርዝ ይሆናል፤ ከሆድ ተነሥቶ በየደም ሥሩ፣ በየመገጣጠሚያው እየዞረ ይለጠፋል። ጠዋት ስትነሺ ከብዶሽ፣ ምላስሽ ነጭ ለብሶ፣ ከበላሽ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ እሱ ነው። ህንዶቹ የራሳቸው ስም አላቸው፤ ትርጉሙ ያልበሰለ፣ ጥሬ ማለት ነው አሉኝ። እትዬም ጥሬው ብለው አማርኛ አደረጉት።

"ጥሬ ሥጋስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። ወደ ባባጂ ክፍል ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሱን እንዳታነሺብኝ። እኚህ ሰው ዶሮ እንኳን ቀምሰው አያውቁም" አሉኝ። ባባጂ እኛ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ እንደምንበላ ሳያውቁ ነው የሞቱት።

ግራ የሚገባኝ ከሚናገሩት ውስጥ የቱ የባባጂ፣ የቱ የራሳቸው እንደሆነ ነው። አባታቸው ከአስመራ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት ጉለሌ ነው። በወጣትነታቸው ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል አጥበዋል፣ መርፌ ወግተዋል። እናታቸው ደግሞ በየሁለት ወሩ ቤተሰቡን ሰልፍ አስይዘው ኮሶ ያጠጡ ነበር። እና አንድ ምክር ሲሰጡኝ ህንዱ ይሁን፣ ድሬሰሯ ትሁን፣ ኮሶ አጠጪዋ ትሁን የምትናገረው አይታወቅም። ስጠይቃቸው "ምን ልዩነት አለው? ሆድ እንደሆነ ሆድ ነው" ይሉኛል።

በየቀኑ ሥራ ሳንጀምር ሦስታችንን ኬርጊቨሮች፣ አስታማሚዎቹን ማለት ነው፣ መስኮቱ ጋ ያሰልፉናል። አንዷ ማታ ፒዛ የበላች እንደሆነ በምላሷ ያውቁባታል። ለአንዱ ፍል ውኃ በዝንጅብል፣ ለአንዷ ከሙንና ድንብላል፣ እሳቸው ራሳቸው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ እርድ በሙቅ ውኃ። ጣቶቻቸው ከእርዱ የተነሣ ሁልጊዜ ቢጫ ናቸው። የሻይ ማንኪያው ቢጫ፣ የሽርጡ ኪስ ቢጫ፣ የቻርቱ ጠርዝ ሳይቀር ቢጫ ነበር።

ቻርቱን ካነሣሁ አይቀር። እንደኛ ባለ ቤት አረጋውያኑ ሽንት ቤት የሄዱበት ሁሉ ይመዘገባል። ሌሎቻችን "ኖርማል" ብለን ፈርመን እናልፋለን። እትዬ ለተብርሃን ግን ባባጂ ስላስተማሯቸው አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ ጥሬ ያለበት ሰው ሰገራ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ የጸዳ ሰው ይንሳፈፋል የሚል ነው። አንድ ቀን የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ መጣችና ቻርቱን ስታገላብጥ ቆይታ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ሲስተር አስቴርን "ምንድን ነው ማክሰኞ የሰመጠው?" ብላ ጠየቀቻት። ከሥሩ ደግሞ በእትዬ እጅ "ነገ ይንሳፈፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" ተብሎ ተጽፏል። ሲስተር አስቴር ቀይ ሆነች። እትዬ ግን ኮራ ብለው ሊያስረዱ ተነሡ፤ በክንዳቸው ይዤ ነው ወደ ኩሽና የወሰድኳቸው።

እኔ ያን ጊዜ ምሳዬን የምበላው ከኮሎምቢያ ሲቲ ወደ ሶዶ ስነዳ ነበር። በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ የተጠቀለለ እንጀራ፣ እግሬ መሃል በረዶ ያለበት ውኃ። ይሄን የሰሙ ዕለት ቁልፌን ቀምተው ደበቁብኝ። "ጨጓራሽ መንጃ ፈቃድ የለውም" አሉኝ። "ተቀመጪ። እያየሽው ብዪ። እስክትጨርሺ ቁልፍ የለም።" አሥራ አምስት ደቂቃ አረፈድኩ፤ ሱፐርቫይዘሬ ተቆጣኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ተቀምጬ በላሁ። ሆዴም እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። የህንዱ ትምህርት ይሁን፣ መቀመጡ ይሁን፣ አንድ ሰው ስበላ ቁጭ ብሎ ስላየኝ ይሁን እኔ እንጃ።

ሌላ ቀን ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ ዓይኔ አብጦ ሥራ ገባሁ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ "ተዉት እትዬ፣ ሆድ ይፍጀው" አልኳቸው። ዝንጅብል እየላጡ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጡት። "ሆድ አይፈጀውም" አሉኝ። ሲናደዱ ብቻ ነው ትግርኛቸው አማርኛቸው ውስጥ ብቅ የሚለው፤ ያን ቀን ብቅ አለ። "ማን ነው ይሄን ያስተማረን? ሆድ ምን አደረገ? ሰው በጆሮውም ይበላል። የሰማሽው ክፉ ቃል ካልተፈጨ እዚያው ይቀመጣል፣ ጥሬ ይሆናል። በዪ አውጪው።" ዝንጅብሉን አስይዘውኝ እየላጥኩ ተናገርኩ። የዘጠኝ ዓመት ትዳሬን ነው የተናገርኩት። እያለቀስኩ፣ እየላጥኩ። እሳቸው አንድም ምክር አልሰጡኝም። ስጨርስ ምላሴን እንኳን አላዩም፤ "አሁን ፊትሽን ታጠቢ" ብቻ አሉኝ። እናቴ እንኳን እንዲህ አድርጋ አዳምጣኝ አታውቅም።

ሁሉን በጥሬ የሚያሳብቡ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ባለፈው ዓመት ሆዴ ያቃጥለኝ ጀመር። እኔ ራሴ ከሙኑን አፍልቼ እየጠጣሁ ነበር። አንድ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ምላሴን ሳወጣ፣ ምላሴን ትተው የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳቡት። ፊታቸው ተለወጠ። "ሰገራሽ ጠቁሯል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ይሄ ጥሬ አይደለም። ደም እያነሰሽ ነው። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ።" ነገ እሄዳለሁ ስላቸው የገዛ ሽርጣቸውን ፈትተው፣ ለሲስተር አስቴር ደውለው፣ በገዛ መኪናዬ አስቀምጠውኝ ወሰዱኝ። የጨጓራ ቁስለት ነበር፤ እየደማ ነበር። ዶክተሩ ሌላ ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እትዬ በመልሱ መንገድ ላይ "ባባጂም ቢሆኑ ይሄን እዚህ ነበር የሚልኩሽ" አሉኝ። የት ጋ ዝንጅብሉ አብቅቶ የት ጋ ሐኪሙ እንደሚጀምር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ባባጂ ከሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ እትዬ መክሳት ጀመሩ። ሰፊዋ ሴትዮ ጠበቡ። ሱሪያቸውን በመርፌ ቁልፍ ሰብስበው ይመጡ ጀመር። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ "ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ? ታመሽ ነበር እንዴ?" እያለ ፋታ አይሰጣቸውም ነበር። እኛ ግን እዚህ ቆይተን ሌላ ነገር ተምረናል። እዚህ የከሳ ሰው የተሳካለት ሰው ነው። "ውይ እትዬ፣ እንዴት አምሮብዎታል" አልን። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ከበው "ምን ተጠቅመሽ ነው?" አሏቸው። ከሁሉ የባስኩት እኔ ነኝ። "ጥሬው ሙልጭ ብሎ ወጣልዎት። ለእኔም እንደርስዎ ያድርግልኝ" አልኳቸው። ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ጠየቅኳቸው፤ የእርዱን መጠንም ጠየቅኳቸው። ይሄን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

እሳቸው ሳቅ አሉና "አንቺ አሁን ደህና ነሽ፤ ምንም አትቀንሺ" አሉኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት እኔ ሥራዬን ጨርሼ ወደ ሶዶ ልሄድ ቦርሳዬን ሳነሣ ጠሩኝ። ኩሽና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መስኮቱ ጋ ቆመዋል። "መሲ፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ እይልኝ" አሉኝ። ሳቄ መጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኛ ነን ምላስ የምናወጣው፤ እሳቸው አንድም ቀን አሳይተውን አያውቁም። መነጽራቸውን ከአንገታቸው አወለቁና ሰጡኝ። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ምላሳቸውን አወጡ።

ምላሳቸውን አየሁ። ንጹሕ ነበር፤ ነጭ የሚባል ነገር የለበትም። ዓይናቸው ግን ቢጫ ነበር። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል ሐሰት ነው። የነጩ ክፍል ቢጫ ነበር፤ አንገታቸውም ቢጫ ነበር። እርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ጣቱ ቢጫ፣ ማንኪያው ቢጫ፣ ሽርጡ ቢጫ የሆነ ሰው ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ምን ይገርማል? ደግሞ እሳቸው ያስተማሩኝ ምላስ ማየት ነው፤ ያንኑ አየሁ። ሰዓቴን ሳይ አርፍጃለሁ። ምን እንደምላቸው አላወቅኩም፤ ስለዚህ መነጽራቸውን መልሼ፣ እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ጥቂት ቆምኩ፤ ጉንጫቸውን ሳምኳቸውና ሄድኩ። "እሺ" አሉኝ ከኋላዬ። "እሺ መሲዬ።"

በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ልረፍ ብለው ሥራ አቆሙ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሶዶ ሙሉ ቀን ሰጡኝና ከሲስተር አስቴር ቤት ወጣሁ። ነገ ኮል አደርጋለሁ፣ ቅዳሜ ኮል አደርጋለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። አንድ ጊዜ ደውዬ አላነሡም። ከዚያ የሲስተር አስቴር ስልክ መጣ።

ለቅሶው ኦቴሎ ሰፈር፣ በልጃቸው በሰምሃር አፓርታማ ነበር። መዝሙሩ በቀስታ ይዘመራል፣ ሰው ምግብ ይዞ ይገባል፣ ፓስተሩ ያጽናናል። ሰምሃር እዚህ ያደገች፣ የእናቷ ግንባር ያላት ቀጭን ልጅ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት እንባ አልወጣትም እያሉ ሴቶቹ በሹክሹክታ ይጨነቁላት ነበር። ሰው ስታስተናግድ፣ ወንበር ስታቀርብ፣ ሳህን ስታነሣ አየኋት። አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች።

"መሲ አንቺ ነሽ?"

ነኝ አልኳት። ወደ መኝታ ቤቱ ወሰደችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው። አማርኛዋ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

"እማዬ ሆስፒታል ሆና ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት በመጨረሻ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ትፈሪያለሽ ብዬ ነው፣ በቱቦ እንዲያኖሩኝ አልፈልግም አለች። ብቻሽን ነበርሽ ወይ አልኳት። ኖ አለች። 'መሲ ታውቃለች። መስኮቱ ጋ ዓይኔን አሳየኋት። አየች፣ እጄን ያዘች፣ ዝም አለችልኝ። ከዚያ በኋላ ቀለለኝ' አለች።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሶ" አለች ሰምሃር፣ "ለምን ለእኔ ኮል አላደረግሽልኝም? አምስት ወር ነበረን። አምስት ወር።"

እውነቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አላወቅኩም፤ እርድ መስሎኝ ነው። እሱን ብናገር እኔ ነጻ እወጣለሁ። ጅል እባላለሁ እንጂ በዳይ አልባልም። እናቷ ግን ያን አምስት ወር ማንም ሳያውቅላቸው፣ አንዲት ሞኝ እጃቸውን ይዛ ሰዓቷን እያየች፣ ብቻቸውን አሳለፉት ማለት ነው። ለዚህች ልጅ የቀራት ነገር ያ ብቻ ነበር፤ እናቷ ብቻቸውን አለመሆናቸው።

"እማዬ ኮንፊውዝድ ሆና ነው እንዴ?" አለችኝ። "በመድኃኒቱ? አንቺ አላየሽም ነበር?"

"አይቻለሁ" አልኳት። "ዓይናቸውን አይቻለሁ። ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በጥፊም ብትለኝ አልንቀሳቀስም ነበር።

"እጇን ይዘሻት ነበር?"

"ይዣቸው ነበር።"

"ኦኬ" አለች። "ኦኬ።" ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ፣ እየጮኸች፣ እናቷን እየጠራች አለቀሰች። ሴቶቹ ሰምተው በሩን ከፈቱ፤ ሲያዩን "ተመስገን፣ አለቀሰች" ብለው መልሰው ዘጉት። እኔ ጀርባዋን እያሻሸሁ እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋጥኩት።